የባሮሳ ወይንና የጋፋት መድፍ

ከጐንደር ከተማ ተነሥቶ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ማክሰኝትንና እንፍራዝን ካለፈ በኋላ ይፋግ ይደርሳል። ይፋግ ዛሬ በመንገድ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን በሁለት ነገር ስሟ ይነሣ ነበር፤ አንደኛው ገበያዋ፣ ሁለተኛውም ወይኗ ነው። ወደ ጐንደር የመጡ የአውሮፓ መንገደኞች የአገሩን ሁኔታ በጻፉ ጊዜ የይፋግን ወይን ጠቅሰዋል። ከይፋግ አልፎ በወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ያወጣል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት፣ ከጀርመንና ከስዊስ አገር የመጡ የእጅ ሥራ አዋቂዎችም ቤት ሠርተው፣ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው የተቀመጡበት ስፍራ ነው።

እነዚህን ሁለት ስፍራዎች አንድ ላይ የሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ከወይን አገር የመጡ ሰዎች ወይን ከሚያፈራ አገር አጠገብ ዓመታት ኖረው ሳለ፣ ስማቸው ከወይን ጋራ ሳይሆን ከመድፍ ጋራ ብቻ ተሳስሮ የቀረው ስለ ምንድር ነው? ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በዚያው ትውልድ፣ በዚያው ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሃይማኖት አሳብም የሚቀራረቡ ሌሎች ጀርመኖች ወደ ሁለት ሩቅ አገሮች ተሰደው ነበር፤ በሁለቱም ስፍራ ወይን ተክለዋል። አንዱ በአውስትራልያ የሚገኘው የባሮሳ ሸለቆ ነው፤ ሁለተኛው በፍልስጥኤም የነበረው የሳሮና ሰፈር ነው። ሦስቱን አስተያይቶ ማየት ስለ እነርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ገዛ አገራችንም የሚያስተምረን ነገር አለ። በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ወይን ጠባይ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ወይን በአገራችን እንግዳ ተክል አይደለም፤ ለመሠዊያው አገልግሎት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ካህናቱ ለቅዳሴ የሚያቀርቡት በውሃ ከራሰ ዘቢብ የተጨመቀውን እንደ ነበረ ጽፏል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ዘቢቡ እንዲኖር ግን በአንድ ስፍራ የሚተክል፣ የሚገርዝና የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ግድ ነው። ወይንም እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በተዘራበት ዓመት የሚታጨድ አይደለም፤ ተተክሎ እስኪያፈራ ድረስ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ካፈራም በኋላ በያመቱ ካልተገረዘና ካልታጠረ ይጠፋል። ጤፍ የዘራ ገበሬ ጦር ቢያልፍበት የሚያጣው የአንድ ዓመት ምግቡን ነው፤ ወይን የተከለ ሰው ግን የሚያጣው የዕድሜውን ድካም ነው። ስለዚህ ወይን የሚተክል ሰው ነገ ከዚሁ እንደሚገኝ፣ ልጁም ከእርሱ በኋላ በዚሁ እንደሚኖር የሚያምን ሰው ነው።

አሁን ወደ ባሮሳ እንሂድ። ይህ ሸለቆ በደቡብ አውስትራልያ፣ ከአደላይድ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ታሪኩ የሚዠምረው ግን በአውስትራልያ ሳይሆን በፕሩስያ፣ በወይን ሳይሆን በቅዳሴ ነው። የፕሩስያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ በ1817 ዓመት በመንግሥቱ ያሉት ሉተራውያንና ካልቪናውያን በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዲተባበሩ ዐወጀ፤ ቀጥሎም በራሱ አሳብ የተዘጋጀውን አዲስ ሥርዓተ ጸሎት አወጣ፤ በ1830 ዓመት ይህ ሥርዓት በሁሉ ዘንድ እንዲፈጸም ተጫነ። ብዙዎች ተቀበሉት። በሲሌዝያና በአካባቢው የነበሩ አንዳንድ ቄሶችና ምእመናን ግን ንጉሥ በመሠዊያ ላይ ሥልጣን የለውም ብለው እንቢ አሉ። ቄሶቻቸው ከሹመታቸው ተሻሩ፣ ታሰሩም፤ በ1834 ዓመት ሔኒገርን በተባለች የሲሌዝያ መንደር ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኑን በር በኀይል ከፈቱ።

ይህን የሚያነብ የጐንደር ሰው የገዛ ታሪኩን ማስታወሱ አይቀርም። ዐፄ ሱስንዮስም የሮማን ሃይማኖት በዐዋጅ ባቆሙ ጊዜ በአገራችን የፈሰሰው ደም የታወቀ ነው፤ በ1632 ዓመት ሥልጣኑ ወደ ልጃቸው ወደ ዐፄ ፋሲል ተላልፎ የአባቶች ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላ ነው ጐንደር በ1636 ዓመት ገደማ የተቈረቈረችው። ጐንደርና ባሮሳ በብዙ ነገር የተራራቁ ቢሆኑም፣ ሁለቱም ንጉሥ የሕዝብን ጸሎት በዐዋጅ ሊለውጥ ከሞከረበት ክርክር በኋላ የተነሡ ናቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ሰዎች በአገራቸው ቈይተው ንጉሡን አሸነፉ፤ የሲሌዝያ ሰዎች ግን ንጉሣቸውን ትተው ተሰደዱ።

የስደቱ መሪ አውጉስት ካቨል የተባለው ቄስ ነበር። እርሱም ወደ ለንደን ሄዶ ጆርጅ ፋይፍ አንጋስ የተባለውን ባለጸጋ አገኘ፤ አንጋስም ለመርከብ የሚሆን ገንዘብ አበደራቸው። በ1838 ዓመት መጨረሻ የመዠመሪያዎቹ ስደተኞች በደቡብ አውስትራልያ ወደብ ወረዱ። በመዠመሪያ ክሌምዚግን፣ በ1839 ዓመት ሐንዶርፍን መሠረቱ፤ በ1842 ዓመት በባሮሳ ሸለቆ የመዠመሪያዋን መንደራቸውን ቈርቍረው በወንጌል ስም ቢታንያ አሏት። በተከታዩም ዓመት ላንግማይልን ሠሩ። ከ1840 በኋላ በፕሩስያ የነበረው መከራ ተቃሎ ሳለ የሰዎቹ ፍልሰት አልቆመም፤ በኋላ የመጡት ከሃይማኖት ይልቅ የመሬትና የእንጀራ ነገር የሳባቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ወይን ለመትከል አልመጡም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በአገራቸው ስንዴና ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ እንጂ የወይን ጠማቂዎች አልነበሩም። ዮሐንስ ሜንጌ የተባለው ጀርመናዊ የደንጊያና የማዕድን መርማሪ አገሩን ዞሮ ካየ በኋላ ምድሪቱ ለወይን የተመቸች እንደ ሆነች አስቀድሞ መስክሮ ነበር። ገበሬዎቹም ከስንዴው አጠገብ፣ ከጓሮው አትክልት ቀጥሎ ጥቂት ጥቂት ሐረግ ይተክሉ ዠመር። በ1847 ዓመት ዮሐን ግራምፕ በጃኮብስ ክሪክ ወንዝ አጠገብ ወይን ተከለ። በ1851 ዓመት ከሲሌዝያ የመጣው ዮሴፍ ሴፔልት ዛሬ ሴፔልትስፊልድ የተባለውን መሬት ይዞ ሥራ ዠመረ፤ ያሰበው ትንባሆ ለመትከል ነበር ይባላል፤ ያከበረው ግን ወይን ሆነ። እንግዲህ ባሮሳን የወይን አገር ያደረጋት ከአውሮፓ የመጣ ልዩ ጥበብ ብቻ አይደለም። ያደረጋት ገበሬው መሬቱን በስሙ መያዙ፣ ዕዳውን ከፍሎ ነጻ መውጣቱ፣ ከልጁም እጅ ማንም እንደማይነጥቀው ማመኑ ነው።

ዛሬ ባሮሳን ሊጐበኝ የሚሄድ ሰው ይህን ነገር በዐይኑ ያየዋል። በቢታንያ የድሮው የመሬት አከፋፈል አሁንም ይታወቃል፤ ቤቶቹ በአንድ መንገድ ዳር ተሰልፈው፣ ከየቤቱ ጀርባ ጠባብና ረዥም እርሻ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ታኑንዳ በተባለችው ከተማ ከሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ታቦር ይባላል፤ ከደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ይህን ስም በዚያ ሲያገኝ ይደነቃል። በላንግማይል በ1843 ዓመት ተተከለ የሚባል የወይን ተክል እስከ ዛሬ ያፈራል። ይህ የሆነው ፊሎክሴራ የተባለችው የወይን ሥር የምታጠፋ ተባይ የአውሮፓን ወይን በአብዛኛው ስታወድም፣ ወደ ደቡብ አውስትራልያ ሳትደርስ ስለ ቀረች ነው። በሴፔልትስፊልድ ደግሞ የዮሴፍ ልጅ ቤኖ በ1878 ዓመት ከጥሩው የወይን ጠጅ አንድ በርሜል ለይቶ፣ እስከ 100 ዓመት ድረስ እንዳይከፈት አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በያመቱ አንድ በርሜል እየተጨመረ ይቀመጣል። ቤኖ የማይቀምሰውን፣ ልጆቹም የማይቀምሱትን ለማይወለድ ገና ለማይታወቅ ሰው አስቀመጠ። ነገ በእጁ እንዳለ የሚያምን ሰው የሚሠራው ሥራ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1840 ዓመት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በተባለ ስፍራ ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ስፒትለር የተባለ ሰው አንድ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። የትምህርት ቤቱ አሳብ ሰባኪው በገዛ እጁ ሥራ እየኖረ እንዲያስተምር ነው፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ አናጺ፣ ግንበኛ፣ ብረት ሠሪ የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። አስቀድሞ በኢትዮጵያ የነበረውና በኋላ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት እነዚህን ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። በ1855 ዓመት ክራፕፍና ፍላድ ነገሩን ሊመረምሩ መጡ፤ በ1856 ዓመትም ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን ገቡ፤ በኋላ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሏቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የደቡብ ጀርመን ሰዎች ነበሩ፤ ፍላድ የተወለደበት ቩርተምበርግም የታወቀ የወይን አገር ነው።

ጀርመኖች በጐንደር ምድር እንግዶች አልነበሩም። በዐፄ ፋሲል ዘመን ፔተር ሃይሊንግ የተባለ የሉቤክ ሰው በቤተ መንግሥት ኖሮ ነበር። በሰሜንም ደጃዝማች ውቤ በገዙበት ጊዜ የዕፀዋት መርማሪው ቪልሄልም ሺምፐርና ሠዓሊው ኤድዋርድ ሳንደር በእርሳቸው ዘንድ ይኖሩ ነበር። ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ከሺምፐር ስም ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ደጃዝማች ካሣም በየካቲት 1855 ዓመት ውቤን ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግሬ ለብዙ ዓመት ጸንተው ስለ ገዙ፣ የውጭ አገር ሰው ጥበብ በእርሳቸው ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ዋለ። ዘመኑ ሲለወጥ ያው የእጅ ጥበብ ለሌላ ነገር ተፈለገ።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸውን አንድ ለማድረግ፣ ጠላታቸውንም ለመመከት የቈረጡ ንጉሥ ነበሩ። ከፈረንጆች የፈለጉት ስብከት ሳይሆን የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ የክሪሾናን ሰዎች በጋፋት አስቀምጠው በመዠመሪያ መንገድና ልዩ ልዩ መሣሪያ፣ በኋላም መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹም መድፍ ማቅለጥ አያውቁም ነበርና ተቸገሩ፤ በመዠመሪያ የሠሩት ተበላሸ፤ ደግመው ሞክረው ግን ተሳካላቸው። ንጉሡ አከበሯቸው፣ ሸለሟቸውም። ቫልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ። መጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በጋፋት ተሠራ።

የጋፋት ሰዎች ብዙ ነገር ነበራቸው፤ ቤትና ምግብ፣ የንጉሥም ፍቅር። አንድ ነገር ግን አልነበራቸውም፤ ይኸውም ርስት ነው። የያዙት ሁሉ በንጉሡ ቸርነት የተያዘ ነው፤ ንጉሡም ራሳቸው ነገን በእጃቸው አልያዙም ነበር። በታኅሣሥ 1866 ዓመት ጐንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በ1867 ዓመት ደብረ ታቦርም ተቃጥላ፣ ሠራዊቱ ሴባስቶፖልን እየጐተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች መድፉን ተራራ እያወጡ፣ ገደል እያወረዱ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። የጋፋት ሠራተኞችም አብረው ሄዱ፤ ልቀሩ ቢሉም አይቻላቸውም ነበር። በሚያዝያ 1868 ዓመት መቅደላ በወደቀ ጊዜ ከናፒየር ጦር ጋራ አገሩን ለቀቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወይን የሚተክል ማን ነበር? የይፋግ ገበሬ እንኳ ለራሱ ተክል የሚተማመንበት ነገር አልነበረውም።

የሰዎቹ ታሪክ ግን በዚህ አላለቀም። ከ1853 እስከ 1855 ዓመት የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበረው ክሪስቶፍ ሆፍማን፣ በኋላ ከቩርተምበርግ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ቴምፕለር የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩም ወደ ቅድስት አገር ሊሰፍር ተነሥቶ በ1868 ዓመት፣ መቅደላ በወደቀበት በዚያው ዓመት፣ መሪዎቹ ሐይፋ ደረሱ። በ1871 ዓመት ኢዮጴ በምትባለው በያፋ አጠገብ መሬት ገዝተው ሰፈራቸውን በሳሮን ሜዳ ስም ሳሮና አሉት። በመዠመሪያው ዓመት ከመካከላቸው ብዙዎች በወባ አለቁ፤ የቀሩት እኛ ባሕር ዛፍ የምንለውን የአውስትራልያ ዛፍ ተክለው ረግረጉን አደረቁ። ወይንም ተከሉ፣ መጭመቂያና ጓዳ ሠሩ፤ የወይን ጠጃቸውም እስከ ጀርመን ድረስ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ጋፋትና ሳሮና ከአንድ ትምህርት ቤት ደጅ የወጡ ሁለት መንገዶች ናቸው ማለት ይቻላል።

መንገዶቹም ተገናኝተዋል። ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት አንዱ የፖሎኝ ተወላጅ የነበረው ሞሪትስ ሆል፣ ሠዓሊው ሳንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ አግብቶ ነበር። ከመቅደላ በኋላ ሆል ቤተ ሰቡን ይዞ ጀርመኖች በሰፈሩባት በያፋ ተቀመጠ። በመቅደላ ዘመን የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና በዚያ ያደገች ሲሆን ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለ የሩስያ መኰንን አገባት፤ በዓለም የታወቀው የቲያትር ሰው ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጅዋ ነው። ቫልድማየርም ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 ዓመት በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በኋላም በቤይሩት አጠገብ ለአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት አሠራ። በጋፋት መድፍ ያቀለጠው እጅ የመትከልና የመሥራት ችሎታ አጥቶ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። ያጣው ጊዜና ስፍራ ነበር።

ይህን ስንናገር ግን ባሮሳና ሳሮና ነቀፋ የሌለባቸው ናቸው ማለታችን አይደለም። ሊቃውንቱ የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን ነገር ያውቃሉ፤ አክዓብ የወይኑን ቦታ በገንዘብ ወይም በልዋጭ ሊወስድ ሲጠይቀው፣ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ብሎ ስለዚህ ሞተ። በባሮሳ ጀርመኖቹ ከእንግሊዝ ሹማምንት የተቀበሉት መሬት ባዶ አልነበረም፤ ንጋጁሪ፣ ፔራማንክና ካውርና የተባሉ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት ነው። ከንጉሥ ግፍ የሸሹት ሰዎች የሌሎችን ርስት ወረሱ። የራሳቸውም ደኅንነት ፍጹም አልሆነም፤ በመዠመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በ1917 ዓመት፣ የሉተራውያን ትምህርት ቤቶች በሕግ ተዘጉ፤ ብዙ የጀርመን መንደሮችም ስማቸው ተለወጠ። ሳሮና ደግሞ በ1939 ዓመት በእንግሊዞች እጅ የመታሰሪያ ሰፈር ሆነች፤ በ1941 ዓመት ከቴምፕለሮች ከ500 የሚበልጡት በመርከብ ተጭነው ተጋዙ፤ የተጋዙትም ወደ አውስትራልያ ነው። ዛሬ ሳሮና በቴል አቪቭ ከተማ መካከል የሚጐበኝ ስፍራ ናት፤ የወይኑ ጓዳ አለ፣ ተካዮቹ ግን የሉም። የሌላውን ርስት የነካ ወይን፣ ወይም የራሱን ርስት ያላጸና ተካይ፣ ሁልጊዜ የሚፈራው ነገር አለው።

አንዳንድ ሰዎች የጋፋትን ነገር ሲያነሡ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከፈረንጅ ጥበብ ጥቂት ዓመት ቢጨመርላቸው አገራችን ምን በደረሰች ነበር ይላሉ። የንጉሡ ትጋት በእውነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ባሮሳን ከጋፋት ጋራ አስተያይቶ ያየ ሰው፣ የጐደለው የጥበብ ብዛት እንዳልነበረ ይረዳል። የሲሌዝያ ገበሬ ወይን ሳያውቅ መጥቶ የወይን አገር ሠራ፤ የቩርተምበርግ ሰው ወይን ከሚያውቅ አገር መጥቶ መድፍ አቀለጠ። ልዩነቱ ያረፈው የተከለው ሰው ፍሬውን ሊበላ በመቻሉና ባለመቻሉ ላይ ነው። ይህም ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ለይፋግና ለደንቢያ፣ ለወገራና ለጃናሞራ ገበሬ ሁሉ የቆመ ሕግ ነው። ቀኑ እንጂ ዓመቱ የእርሱ ያልሆነ ሰው ጤፍ ይዘራል፤ ወይን አይተክልም።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ዐምባ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጐንደር ካህን ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን ዘቢብ ከገበያ ይገዛል። ጋፋትን ሊያይ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው መንገዱ በይፋግ ላይ ነውና፣ በዚያ ጥቂት ቆሞ ምድሩን ቢመለከት መልካም ነው፤ አፈሩ ያው አፈር ነው፣ የጣናም ነፋስ ያው ነፋስ ነው።